የማሽን ሥራ ነው አልኳቸው

ገንዳ ውሃ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? እዚያ ሱዳን የገዳሪፍ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደኅና ነን። ወባው ዘንድሮ ለቀቅ አድርጎናል። ልጅህ ማዕረግ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ለሰሊጡም አጫጆች ከጎጃም መጥተውልኛል። ይህን ወረቀት የጭነት መኪና ሹፌሩ ደረበ በእጅህ ይሰጥሃል። በስልክ የሚመጣ ነገር እዚህ የሚያምነው ጠፍቷል።

ነሐሴ ላይ የሆነውን ልንገርህ። ስልክህ አልሠራ ካለ ሰንብቶ ነበር። አንድ የፌስቡክ ገጽ ድንበር ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ ብሎ የአንተን ሬሳ ለጠፈ። ፊቱ ቁርጥ አንተ ነው። ወንድምህ ትዕዛዙ ስልኩን ይዞ እየጮኸ ገባ። ዳስ ተጣለ፣ ከሽንፋ ዘመድ መጣ፣ እናትህ ደረታቸውን ደቁ። እኔ ግን ጥቁር አልለብስም አልኩ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው፤ ከመቼ ወዲህ ነው ስልክ የሚያረዳን? አልኳቸው። ትዕዛዙ፣ ይህ ሁሉ ሰው ተቀባብሎት እንዴት ውሸት ይሆናል ብሎ ተቆጣኝ። ሴቶቹም ዓይነ ደረቅ ብለው አሙኝ። ይሙኝ!

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ሁሉም ፊቱን እያየ ሲያለቅስ እጁን ያየ የለም። የግራ እጁ ጣቶች ሙሉ ናቸው። የትራክተሩ ቺንጋ ትንሿን ጣትህን ሲቆርጣት በነጠላዬ ጠቅልዬ ሐኪም ቤት ያደረስኩህ እኔ አይደለሁም? ዳሱ መሐል ቆሜ ተናገርኩ። ለካ ተመልካች ለመሰብሰብ ሲሉ በማሽን የሬሳ ምስል የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ለቅሶው እዚያው ተበተነ፤ እናትህም እግርሽን ካልሳምኩ አሉ።

ወር ሳይሞላ ደግሞ በትዕዛዙ ቴሌግራም ድምፅህ መጣ። እንዳትጠብቀኝ ንገሯት፣ እዚህ ኑሮ ጀምሬአለሁ ይላል። እናትህ ሳያስጨርሱት ከት ብለው ሳቁ። ሬሳ የሠራ ድምፅ ያቅተዋል እንዴ፣ የኔ ልጅ እንዲህ አይልም አሉና ወደ እኔ ዞሩ። እኔም የማሽን ሥራ ነው አልኳቸው። አመኑኝ።

ከድምፅህ ኋላ ግን ሕፃን ያለቅሳል። አንተም ንግግርህን አቋርጠህ፣ ማዕረግን ታባብላት እንደነበረው እሽሽ አልከው። ከእኔ በቀር ልብ ብሎ የሰማው የለም።

ስማኝ እንግዲህ። አላለቀስኩም፣ አላለቅስምም። እርሻውን ያለ አንተ አርሼዋለሁ፣ ምርቱንም ያለ አንተ አስገባዋለሁ። የሚያንገበግበኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለእውነት ብቻዬን የቆምኩትን ሴት አንተ ማስዋሸትህ ነው። የዋሸሁትም ለእናትህ ስል እንጂ ለአንተ አይደለም። ሰሊጡ ተራግፎ ሳያልቅ ናና በራስህ አፍ ንገራቸው። ብትቀር እኔው እነግራቸዋለሁ፤ እስኪያምኑኝም አልተዋቸውም።

ፈጣሪ በሄድክበት ይጠብቅህ። ሕፃኑንም ያሳድገው፤ እሱ ምን አጠፋ?

የማዕረግ እናት