ስለ አረንጓዴው ማውዝጋርዴና ስለ ክቡርነትዎ ግራ ጉንጭ

ለቡና ከተሞች የሴቶች እግር ኳስ ዋንጫ አዘጋጅ ኮሚቴ የተከበሩ ሰብሳቢ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በግማሽ ፍጻሜው ዕለት በክብር ወንበርዎ ላይ ሳይዎ ግራ ጉንጭዎ እንደ ሎሚ ተወጥሮ ስለነበር፣ የጥርስ ሕክምና ተማሪ እንደመሆኔ እብጠት መስሎኝ ከልቤ አዝኜ ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ ወደ ማታ በራሱ መጉደሉን ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

ኮሚቴዎ «በሜዳ ላይ ጫት ስለመቃሜ» የይቅርታ ደብዳቤ ካላቀረብኩ አጋሮ ላይ በሚደረገው የፍጻሜ ጨዋታ በረኛ ሆኜ እንደማልቆም ስላሳወቀኝ፣ ትእዛዙን አክብሬ እነሆ ጻፍኩ። ደብዳቤው መጨረሻው ላይ ይቅርታ ከተገኘበት ግን ከእርስዎ ይልቅ የምገረመው እኔ ነኝ።

አንደኛ፣ አፌ ውስጥ የነበረው ነገር ማውዝጋርድ ይባላል። በሙቅ ውሃ ለስልሶ ሲነከስ የባለቤቱን ጥርስ ቅርጽ የሚይዝ፣ ክርንና ጫማ ጥርስ እንዳይሰብር የሚከላከል ላስቲክ ነው። ወንድሜ ፋሂም ከአዲስ አበባ ሲልክልኝ ሱቁ ውስጥ የተረፈው ቀለም አረንጓዴ ብቻ ነበር፤ ጅማ ላይ አረንጓዴ ነገር በጉንጭ መያዝ ምን እንደሚያስከትል አለማሰቡ የእሱ ጥፋት ነው። እንዲልክልኝ ያስጠየቀኝ ደግሞ የተከላካያችን የታቢታ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ሰርቦ ላይ ሁለት የፊት ጥርሶቿ በክርን ከወለቁ ወዲህ ሜዳ ላይ ስሜን ስትጠራ በክፍተቱ የሚወጣው ድምፅ እንደ ፊሽካ ስለሚጮህ፣ ተጫዋቹ ሁሉ ቆሞ ዳኛውን ያያል። ኮሚቴዎ ያኔ መልካም ምኞቱን እንደላከላት አልዘነጋሁም፤ ምኞቱ ለጥርሶቿ አልደረሳቸውም መሰለኝ እስካሁን አልበቀሉም።

ሁለተኛ፣ የምርመራችሁ ጥልቀት አስደንቆኛል። የጨዋታው ታዛቢ በሕዝብ ፊት «አንቺ ልጅ፣ ትፊው!» ብለው ከተረከቡኝ በኋላ ላስቲኩ በክብር ወንበሮቹ ረድፍ ከአፍንጫ ወደ አፍንጫ ሲዞር አየሁ። አንዱ አባል «ገና አልደቀቀም» ሲሉ፣ ሌሎቹ የአወዳይ ጫት ነው፣ የለም የእኛው አገር ነው እያሉ ሲሟገቱ፣ እርስዎ አፍዎ ለንግግር ስላልተመቸዎ ራስዎን ነቅንቀው ፍርዱን አጸደቁ። ከሜዳ መባረሬ ከነምክንያቱ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ጨዋታው ሲቀጥል ተጋጣሚዎቻችን የሸቤ ልጆች፣ በረኛቸው ጭምር፣ ሳቃቸውን ስላልጨረሱ አጥቂያችን ልያ ባዶ ግባቸው ላይ አገባችና ለፍጻሜ አለፍን፤ ለዚህ ውለታዎ ገለቶማ።

ሦስተኛ፣ ንብረቴን ልጠይቅ ቢሮዎ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ አቶ ሙሐዲን «ማስረጃው» እንዳይጠወልግ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው በየማለዳው ውሃ ሲረጩት አገኘኋቸው። ይህን ያህል ሰንብቶ አለመጠውለጉ ስላስገረማቸው ችግኙን ከየት እንዳገኘሁት በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ለላስቲክ እንዲህ የሚሳሳ ኮሚቴ ለተጫዋቾቹ ጥርስ ግማሹን ቢሳሳ ኖሮ ታቢታ ዛሬ በቆሎ ትግጥ ነበር።

በዲሲፕሊን ስብሰባው ላይም ይህንኑ ሳስረዳ እርስዎ እንቅልፍ ወስዶዎት ጥርስዎን ያፋጩ ነበር፤ እኔ የቡና መፈልፈያ የተነሣ መስሎኝ በመስኮት ተመለከትኩ። እንደ ባለሙያ ልምከርዎ፦ በእንቅልፍ ማፋጨት ጥርስን ፈጭቶ ይጨርሳል፤ መላውም ማታ ማታ የሚጠለቅ፣ እንደ እኔው ያለ መከላከያ ነው። የእኔን ግን እንዳይሞክሩት፤ የተቀረጸው በእኔ ንክሻ ስለሆነ አይመችዎትም።

አራተኛውን አሳምሬ መጻፍ አልቻልኩም። አባቴ ሸምሰዲን በዕድሜያቸው ሙሉ ቅጠል በአፋቸው አልገባም። ከጁምዓ ሶላት ሲወጡ አንዱ «ልጅዎ ኳስ የምትይዘው በምርቃና ነው አሉ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ላይ ሳኝክ ጉንጬን ያያሉ።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ስሜ የጠፋው በድምፅ ማጉያ ነውና የሚመለሰውም በድምፅ ማጉያ፣ አጋሮ ላይ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ነው። አባቴን ይዤ እመጣለሁ፤ ከእርስዎ አጠገብ ይቀመጣሉ። እኔም መከላከያዬን ጥርሴ ላይ አድርጌ ግብ ላይ እቆማለሁ፤ ላውጣ የሚል ካለ በራሱ ጣት ይሞክር።

ለጥርስዎ ዕድሜን፣ ለጉንጭዎ ዕረፍትን፣ ለአቶ ሙሐዲን ኮባም የተሻለ ሥራ እየተመኘሁ፣ ከላቀ አክብሮትና ከተሟሉ ጥርሶች ጋር፣

ኢሕሳን ሸምሰዲን
በረኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፋሂም ሌላ ልኮልኛል፤ ይኼኛው ቀይ ነው። በአጋሮ መንገድ ኬላ ላይ «እሸት ቡና በጉንጯ ደብቃ በሕገወጥ መንገድ ስታዘዋውር ተያዘች» እንዳይባል አስቀድሜ አሳውቄያለሁ። የእርስዎ ጉንጭ ግን አያሳስብዎ፤ እንደ ወትሮው ሳይፈተሽ ያልፋል።