ባለ ሁለት አንቴናው አዳፕተር

ለወንድሜ ለታዲዮስ፣ አዳማ

ግዙ ያልከንን የዋይፋይ አዳፕተር እዚህ ትተኸው በሄድከው ኮምፒውተር ላይ ሰክተን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጌሙ አንዴም ሳይቆራረጥ ሠራ።

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። እኛ ደህና ነን፤ ዲላ ዝናቡ ገና አላባራም።

የመረጠልን ባለሱቁ ከማሉዲን ነው። እኔ ጥፍር የምታህለውን አንስቼ ነበር። «ተይ እህቴ፣ እሷ ራውተሩ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ናት። የናንተ ሁለት ግድግዳ ማለፍ አለበት» ብሎ ባለ ሁለት አንቴናውን ሰጠኝ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ እንዳልደብቀው፣ በማራዘሚያ ገመድ ወደ በሩ እንዳወጣው ነገረኝ። እውነቱን ነው።

ስልክህ ተበላሸ ካልክ ወዲህ እማዬ ድምፅህን የምትሰማው ቅዳሜ በጌሙ እያወራን አብረን ስንጫወት ብቻ ነው። «የሚቆራረጠው በናንተ በኩል ነው» ስላልክ፣ አዳፕተሩ መግባቱን ስትሰማ ከገበያ እንደመጣች ነጠላዋን ሳታወልቅ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ስምህ አጠገብ መግባትህን የሚያሳየው አረንጓዴ ምልክት በርቶ ነበር። ግባ ብዬ ጥሪ ላክሁልህ፤ አረንጓዴው ጠፋ።

«መብራት ሄዶበት ይሆናል» አለች።

ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴው ተመልሶ በራ፤ ከሌሎች ልጆች ጋር እየተጫወትክ መሆንህን ስክሪኑ ጻፈ። እማዬ የስክሪኑን ጽሑፍ አታነብም፤ እኔም አላነበብኩላትም።

ሰላም በይልኝ ብላኛለች። በመጪው ቅዳሜም ትቀመጣለች። ከማሉዲን «ወስደሽ ሞክሪው፣ ካልጠቀመሽ ሰኞ መልሺው» ብሎኛል። ልመልሰው ወይስ ላስቀረው፣ ሰኞ ጠዋት እወስናለሁ።

እህትህ ሳሮን