የእማዬ ቋጠሮ

ለውድ እህቴ ለዝማሬ አምሐ፤

እታለም፣ ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? በረኪና የላጠው እጅሽ ዳነልሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ እንቅልፍ ያስተኙሻል? የቤይሩት ብርድ ሳይገባ ወፍራም ሹራብ ያዝሽ ወይ? የሠፈራችን ልጅ ውብነሽ ይህን ደብዳቤና ዕቃውን ስትሰጥሽ ጓደኛሽ ፅጌረዳ አብራሽ እንድትሆን አደራ ብያታለሁ። ብቻሽን ከሆንሽ ማንበቡን ተይና ጥሪያት።

ማዳም በረንዳው ላይ እንድተክል ፈቅዳልኛለች፣ እማዬ በእጇ የቋጠረችውን ዘር ላኩልኝ ብለሽ የጻፍሽው በመስከረም ደረሰን። ሳነብለት አባባ ተነስቶ ወጣ። በማግስቱ ግን ጋራዥ የሚሠራው ጎረቤታችን መሐሙድ ዘንድ ሄደና ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ብረት ትንሽ መኮትኮቻ አስቀጠቀጠልሽ፤ የወይራ እጀታውን ራሱ አበጀለት። እኔም የወተት ጣሳ ቂጡን በምስማር በስቼ ውሃ ማጠጫ አደረግሁልሽ። አንዱ ቀዳዳ ሰፍቶብኛል፣ እንዳትስቂብኝ።

ዘሩ ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። የጎመኑን፣ የድንብላሉንና የጤና አዳሙን ከጓሮ ለቅሜ በብጫቂ ጨርቅ ልቋጥር ተቀመጥኩ። እማዬ ግራኝ አይደለች? እንደሷ በግራ እጄ ጠምዝዤ፣ በጥርሴ ጎትቼ ብል ብል እምቢ አለኝ። ሦስቴ ቋጠርኩ፣ ሦስቴ ፈታሁ። አባባ ሲያየኝ ቆየና፣ ዝማሬ የእናቷን ቋጠሮ በጨለማም አትስተውም፣ በከንቱ አትድከሚ አለኝ። ጨርቁን ጥዬ አለቀስኩ።

እታለም፣ ፅጌረዳን ያዣት። እማዬ አርፋለች። ሳንባዋን ሦስት ቀን ብቻ ታማ ሰኔ አሥራ ስምንት አረፈች፤ በማግስቱ በገብርኤል ዕለት ብስራተ ገብርኤል አስቀበርናት። አርባዋም ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ፣ በሰው አገር ብቻዋን ላለች ልጅ መርዶ በደብዳቤ አይላክም፣ ስትመጣ እዚሁ ትረዳ አሉ። እኔም እሺ ብዬ ዋሸሁሽ። መዋሸቱ በእስክሪብቶ ቀሎኝ ነበር፣ በእጇ ቋጠሮ ግን አቃተኝ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ብቻ ዝም አትበይኝ።

አልጋዋ ሥር አንድ ቋጠሮ አግኝቻለሁ፤ ከላክሁልሽ ውስጥ ሰማያዊው የእሷ ነው። አልፈታሁትም፣ ምን ዘር እንደሆነም አላውቅም። ሌሎቹ ቋጠሮዎች ሁሉ የኔ ናቸው፣ በቀላሉ ይፈታሉ።

አባባ ጉንጭሽን ይስማል፤ እህል መቅመስ ጀምሯል። ትንሹ ወንድማችን ሚሳኤል ስምንተኛ ክፍል ገባ፣ በቁመት በልጦኛል፣ ናፍቃኛለች በያት ብሎኛል። መሐሙድና ባለቤቱ ዚነት እግዜር ያጥናሽ ይላሉ። ከሰኔ ወዲህ በሦስቱም ደብዳቤ እማዬ ሰላም ትልሻለች ብዬ የጻፍኩት ሰላምታ የኔ ነበር፤ እሷ ብትኖር ምን ትልሽ ነበር እያልኩ ነው የጻፍኩት። ዛሬ ከእሷ የምጽፍልሽ የለኝም።

ታናሽሽ አምሳለ አምሐ
ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.