የብረት ማሞቂያው ፈተና

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይጮሃል። ፊደሉ ቢጋደምብህ አትሳቅ። አክስትህ ልጻፍልህ ብላ ነበር፤ እሷ ስትጽፍ የራሷን ነገር ስለምትጨምርበት እምቢ አልኳት።

የላክኸው የቤት ማሞቂያ ደርሷል። ካርቶኑ አንድ ጥጉ ላይ ተቀዷል እንጂ ቀለሙ አልተነካም። ከፋብሪካችሁ ለማዘዝ ያሰበው አስመጪ ራሱ ተሸክሞ አመጣውና፣ እርስዎ ይሆናል ካሉኝ አዛለሁ፣ አይሆንም ካሉኝ እተወዋለሁ አለኝ። የልጄ ዕቃ ነው፣ ሌላ የቧንቧ ሠራተኛ ጠይቅ ብዬ ብመልስለት፣ እርስዎ ለልጅዎም አያዳሉም ብሎ ሳቀ።

በስልክ ያልከኝን አልረሳሁም። ይህ ትዕዛዝ ካልተገኘ ፋብሪካው ያሰናብትሃል፣ አንተም ጓዝህን ጠቅልለህ ትመጣለህ፤ ከተገኘ እዚያው ትቆያለህ። ይህንን ለአክስትህ መንገር አልነበረብኝም።

ዕቃው ሲያዩት የብስኩት ቆርቆሮ ይመስላል። የኛን አሮጌ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ያንተን በአንድ ክንዴ ያዝኩት። ናቅኩት። ውሃ ሞልቼ፣ ጫፎቹን ደፍኜ፣ በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጠሁትና ብየዳውን በደረቅ ጋዜጣ ዳሰስኩት። ጋዜጣው አልረጠበም። ግፊቱን ጨምሬ አሳደርኩት። በማግስቱም ደረቅ ነው። ሳሎን ካለው የፍል ውሃ ቧንቧ ጋር ባገጥመው፣ አሮጌው ገና ሲያስብበት ያንተው ሞቋል።

አክስትህ ወንበር ስባ ታየኝ ነበር።

"ልጁን ያስቀረብን ይሄ ነው?" አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አንዲት ጠብታ ወጣች በለው። ማን ያይሃል?" አለችኝ።

የቧንቧ ቁልፉ እጄ ላይ ነበር፤ አንዱን ማያያዣ ትንሽ ማላላት ለኔ ምንም አይደለም። ቁልፉን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ። እናትህ ብትኖር ከእህቷ ጋር ታድምብኝ ነበር።

አስመጪው መጥቶ መዳፉን ጫነበት፣ ቶሎም አነሳው።

"እህስ፣ አባባ?"

አክስትህ ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም።

"ዕቃው ደህና ነው። እዘዝ" አልኩት።

ሦስት ኮንቴይነር አዟል። ከዚያ ወዲህ የአክስትህ ሰላምታ አጥሯል፤ ይለቃታል።

ስለዚህ ሥራህን ያዝ። ጥግ ጥጉን በወፍራም ካርቶን አሽጉት፤ እዚህ ወደብ ላይ ዕቃ እንደ ጆንያ ነው የሚወረውሩት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ብረትም ሳስቷል። አባቴ ነው ያለው ብለህ ለአለቃህ ንገረው።

ናሙናውን አስመጪው ተወልኝ። ያንተ ክፍል ውስጥ ሰቀልኩት፤ ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ክፍሉ በደንብ ይሞቃል። ሰው ስለሌለበት በሩን ከፍቼ እተወዋለሁ፤ ሙቀቱ እኔ ዘንድ ይደርሳል።

ብርድ አይድፈርህ፤ የያዝከው ሁሉ ይቅናህ።

አባትህ