ከስምህ አውጣኝ

ይድረስ ባሕር አቋርጦ ሶሮንግ ለገባው ለታላቅ ወንድሜ ለቱምፓል።

ኢቶዬ፣ ወንድሜ፣ ሆራስ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? የእንጨት መሰንጠቂያው አቧራ ደረትህን ማፈኑን ተወልህ? እማማስ ጉልበቷ እንዴት አደረጋት፣ የባሕሩ ነፋስ ተስማማት ወይስ ዛሬም ሲያንታር ሲያንታር ትላለች? ሆትማ እንዴት ናት? ሳንጋፕና ትንሿ ዴሊማስ በርትተዋል? የናንተን ደህንነት ሳልሰማ ብዙ ጊዜ ስለሆነኝ ሐሳብ ገብቶኛል። የእኔን ከጠየቅህ ገላዬ ደህና ነው። ሆዴ ገፍቷል፣ ልጁም ይገላበጣል። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልህ ግን ዋሸሁህ ማለት ነው። ፈርቻለሁ ኢቶ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ለብቻህ ሆነህ አንብበው። እማማ ምን አለች ብላ ከጠየቀችህ «ሰላም ብላለች» በላት፣ ይበቃታል።

ከአያቶቻችን አገር ከሐይቁ ዳር ሰው መጥቶ «የአያታችሁ አጥንት ከአፈር ወጥቶ አዲሱ የድንጋይ መቃብር ሊገባ ነውና ኑ» እንዳለን ጽፌልህ ነበር። አንተም መምጣት እንደማትችል፣ እኔ በአንተ ፈንታ እንድቆም አዘዝከኝ። እኔና ጆንጊ ሄድን። ጆንጊ ጋራዡን ዘግቶ፣ የባለ ሦስት እግር ሞተሮቹን ባለቤቶች «አያቴን ላነሳ ነው» እያለ ሲቀልድባቸው ነበር፤ ከሚስቱ አያት ጋር መቼ ተዋውቆ!

እዚያ ስንደርስ ከበሮው ይመታል፣ አሳማው ይታረዳል፣ አዲሱ መቃብር ከኮረብታው ላይ ሐይቁን እያየ ነጭ ተቀብቶ ቆሟል። አክስት ቲያማ የምትባል ሴት፣ የአባባ ታላቅ እህት፣ ጎንበስ ብላ የአያታችንን አጥንት በሎሚና በእርድ ታጥባለች። አባባ እህት እንዳለችው ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ቀና ስል በመቃብሩ ግንባር ላይ የተቀረጸውን አየሁ፤ ሲሆታንግ ይላል፤ የእኛ የዘር ስም ማኑሩንግ አይደል! የሌላ ሰው መቃብር መሰለኝ። ጆንጊ እየሳቀ፣ «እማማ፣ የማኑሩንግን ሽማግሌ በሲሆታንግ ቤት ልታሳድሯቸው ነው እንዴ? ከጎረቤት ጋር እንዳታጣሏቸው!» አላት።

አክስት ቲያማ አልሳቀችም። «ማኑሩንግ የእናታችን ዘር ነው ልጄ፤ የአባታችን መቼ ሆነና?» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው ኢቶ። ወንዱ አያታችን በበሽታ ሲሞቱ ቤቱ ተራበ። ሴቷ አያታችን አባባን አዝለው ሲያንታር ወንድማቸው ዘንድ ወረዱ። ወንድማቸው ማኑሩንግ ነው። የሰው ልጅ በሰው ቤት እንዳይባል ትምህርት ቤትም ቤተ ክርስቲያንም በራሱ ስም አስመዘገበው። ልጁም አደገ፣ ስሙም አብሮት አደገ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ግን ረሃብ አወጣው። አባባ ለምን እንዳልነገረን ሌሊትና ቀን አስባለሁ። ያሳደገውን አጎቱን ማስቀየም አልፈለገ ይሆናል። እኔ ሳገባ በሕይወት ቢኖር ግን ይናገር ነበር፣ ይህን አምናለሁ። እማማስ ታውቅ ኖሯል? ብታውቅም አትውቀሳት።

እስከዚህ ድረስ ወሬ ነው፤ ሰው ስሙን ቢያገኝ ምን ክፋት አለው? ሲሆታንግ የዚያ የጠንካራው ሐረግ ስም ነው፣ ወንበርና ቅርጫት የምናስርበት። ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ በአፌ አልኩት፤ ደስ አለኝ እንኳ። አክስት ቲያማ ወደ ጆንጊ ዞር ብላ፣ «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«ሉምባን ጋኦል» አላት ደረቱን ነፍቶ። «የሙዝ መንደር ማለት ነው፤ በሙዝ የሚስቅብን ብዙ ነው።»

እጇ ሎሚው ውስጥ ቆመ። ቀጥላ ወደ እኔ ሆድ አየች። ኢቶ፣ ያንን አስተያየት ልነግርህ አልችልም። ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ወንድምሽን ነው ያገባሽው» አለችኝ።

የሉምባን ጋኦል ዘር የጥንት አባቱ ማርቡን ነው። ማርቡንና ሲሆታንግ ደግሞ የጥንት አባቶቻቸው ተማምለዋል፤ የአንዱ ልጅ የሌላው ልጅ ሊሆን፣ ልጆቻቸውም ወንድምና እህት ሊሆኑ። የቀርከሃ ሥር ብርቱ ነው፣ የሣር ሥር ይበረታል፤ ሕግ ብርቱ ነው፣ መሐላ ይበረታል የሚሉትን አንተም ታውቀዋለህ። ልጆች ሆነን ስንዘፍነው ለእኛ የተባለ መሆኑን ማን አወቀ! የተማማሉ ዘሮች ቢጋቡ ፍሬ አይበረክትላቸውም ይላሉ። ጆንጊ ተቆጣ፤ «ቄሱ ሲያጋባን አንድም ሙት ተነስቶ አልተቃወመም» አለ። አክስት ቲያማ አጥንቱን በነጭ ጨርቅ እየጠቀለለች፣ «ሙት ቀስ ብሎ ነው የሚቃወመው» አለችው።

አምና የሞተው ልጄ ትዝ አለኝ። አንተ በደብዳቤህ «የእግዜር ሥራ ነው፣ አይዞሽ» ብለኸኝ ነበር። አዋላጇም ምንም ምክንያት አላገኘችለትም። ሳይጮህ የወጣው፣ ጣቶቹ ሙሉ የነበሩት ልጄ። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩና ተውኩት፤ አሁን ግን ምክንያቱን የነገሩኝ ያህል ተሰማኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ይኼኛው ለጥቂት ሰዓት ዝም ሲልብኝ ተነሥቼ እዘልላለሁ፣ ስኳር እቅማለሁ፣ ሆዴን እየመታሁ «ተንቀሳቀስ» እለዋለሁ። ጎረቤቶች አብዳለች ሳይሉኝ አይቀሩም።

ከተመለስን ጀምሮ ጆንጊም ጆንጊ አይደለም። በቁልምጫ መጥራቱን ትቶ ስሜን ጠርቶ ያናግረኛል፣ ምግቡን ይዞ ጋራዥ ይሄዳል። ዓይኔን አያየኝም። ለእህት የሚገባውን መተፋፈር ያደርግ ጀምሯል፣ ራሱም ሳያውቀው። ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። «እግዚአብሔር ከመሐላ ሁሉ ይበልጣል፣ አትፍሪ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል በሩ ላይ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ሽማግሌዎቹ የጆንጊ አጎት አባባ ሳውት ቤት ተሰበሰቡ። አባባ ሳውትን ታውቃቸዋለህ፣ በሠርጌ ላይ አንተን «ሶሮንግ አዞ ይበላሃል» ሲሉህ የነበሩት። ግማሾቹ እንለያያቸው አሉ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አባባ ባሪታ፣ አባባን ያሳደገው የማኑሩንግ ሰውዬ ልጅ፣ ተነሡና፣ «ልጅቷን እኛ አሳድገናታል፣ በእኛ ስም ተድራለች። በአደባባይ ልጃችን እናድርጋትና ነገሩ ይብቃ» አሉ። እንደ ወላጅ የምርቃቱን ዓሣ ሊያጎርሱኝ፣ የምርቃቱን ኩታ፣ ኡሎሱን ሊደርቡልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ሲሆታንግነት ከእኔ ሊወጣ ነው። አባባ ሳውት ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ወንድሟ በገዛ ቃሉ ካልለቀቃት ምን ዋጋ አለው? ዓሣ በላች እንጂ ዘር ለወጠች አይባልም» አሉ። ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ሰውዬው ቀልድ አያልቅባቸው፣ «ከለቀቃት ወዲያማ የሲሆታንጉ ቱምፓል ይህችን የማኑሩንግ ልጅ መጥቶ ቢያገባ ሥርዓቱ አይከለክለውም!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እኔ ሳቁን ላለመስማት ጓሮ ወጣሁ።

አየህ፣ ጣጣው በአንተ ላይ ወድቋል። አክስት ቲያማ ሰው ልትልክብህ ነው፣ ከእኔ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶ ይሆናል። አያታችን ከአባባ ሌላ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፣ አባባም ከአንተ ሌላ የለውም። ስማቸውን አንስተህ ካልተቀበልክ የእሳቸው ዘር እዚያ መቃብር ላይ ያበቃል። ወንድ ልጅ ሳይተካ የሞተ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ። አጥንታቸውን ሲያስገቡ አክስት ቲያማ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ አሳየችኝና፣ «ይኼ ለወንድምሽ ነው» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ «አንተም ማኑሩንግ ሁነህ ቅር፣ የአክስትን መልእክተኛ አትስማ» ብዬ ልለምንህ ብዕር አንስቼ ነበር። አባባ ባሪታም ሁለታችንንም ደስ ብሏቸው ይቀበሉናል። ያ ቢሆን አንተም ወንድሜ፣ እኔም እህትህ ሆነን እንቀር ነበር። ግን ፈራሁ። ልጄን ለማትረፍ ብዬ የአያቴን ዘር ብቆርጥ፣ የዚያስ ቁጣ በማን ላይ ይወርዳል? አንድ ሙት አስቆጥቼ ሌላውን ልደግም? አይሆንም። አንተ ስምህን ውሰድ። ሄደህ መቃብሩ ፊት ቁም፣ ሳንጋፕንም ይዘህ ሂድ።

እኔን ግን ልቀቀኝ። በገዛ እጅህ ጻፍልኝ፦ ላምሪያ ከዛሬ ጀምሮ እህቴ አይደለችም፣ ለማኑሩንግ ቤት ሰጥቻታለሁ ብለህ። አባባ ሳውት ቤት በሽማግሌዎቹ ፊት ይነበባል። ከዚያ ወዲያ ልጄ ሲወለድ ኡሎሱን የሚደርብለት የአባባ ባሪታ ልጅ ነው። ለልጄ የእናቱ ወንድም እሱ ይሆናል፤ ሲታመም የሚመርቀው፣ ሲያገባ በክብር ቦታ የሚቀመጠው እሱ ነው። አንተ ብትመጣ ከእንግዶቹ ጋር ነው የሚያስቀምጡህ። አንተን ከእንግዶች ጋር! ይህን ስጽፍ ያላለቀስኩት ማልቀስ አቅቶኝ አይደለም፣ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ነው።

«ለማስመሰል ጻፈው፣ በልብህ ግን ያው ነኝ» ልልህ ነበር። አክስት ቲያማን በመልእክተኛዋ አስጠየቅኋት፤ ሙታን ወረቀት አያነቡም፣ ልብ ነው የሚሰሙት አለችኝ። ስለዚህ ኢቶ፣ የምርህን ጻፈው። ስትጽፈው ከልብህ አውጣኝ። ልጅ ሆነን ያስቀየምኩህን ሁሉ አስታውሰው፣ ያግዝሃል። ልጁ ተወልዶ፣ ጮሆ፣ ጡት እስኪይዝ ድረስ ብቻ የምር ይሁን። ከዚያ በኋላ ልብህ ወደ ፈለገበት ይመለስ፣ ያን ጊዜ ማን ይሰማናል።

እባክህ አትዘግይ። ሆዴ ወደ ታች ወርዷል፣ አዋላጇ ቀኑ ሩቅ አይደለም ትላለች፤ መርከቡ ደግሞ የራሱ ጸባይ አለው።

ለእማማ ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ልጇ እየጸለየች ነው በላት፣ ስለ ምን እንደሆነ አትንገራት። ለሆትማ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችው የሕፃን ልብስ ደርሶኛል፣ ግን ገና ከመጠቅለያው አላወጣሁትም። ለሳንጋፕ፣ አዲሱን ስሙን እንዳያፍርበት፣ ደህና ስም ነው በልልኝ። ዴሊማን ጉንጯን ሳምልኝ። ለጎረቤቶቻችሁም፣ ባላውቃቸውም፣ እናንተን ስላሰነበቱልኝ ሰላም በሉልኝ። ጆንጊም ሰላም ብሎሃል፤ አላለም፣ ግን ቢችል ይል ነበር።

ሲያንታር፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1984

መልስህ እስኪደርስ ድረስ እህትህ የሆንኩት፣
ላምሪያ