ስለ ሦስት ጣትና ስለ ጥቂት ቅቅል እንቁላል የቀረበ ይቅርታ

ይድረስ ለክቡር የሐይቅ ዳር መዝናኛው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? ጣቶችዎስ? አሥሩም በየቦታቸው አሉ? ጠዋት ሲነሡ የሸሚዝዎን ቁልፍ ያለ ሰው እርዳታ ይቆልፋሉ? እንደዚያ ከሆነ ፈጣሪ ይመስገን፤ እኛ ቤት ይህ ነገር ከቀረ አምስት ሳምንት ሆኖታል።

በጠበቃዎ በኩል የላኩልን ደብዳቤ ደርሶናል። ወረቀቱ ወፍራም፣ ማኅተሙ ደማቅ ነው፤ ለዚህም እናመሰግናለን። እንደ ደብዳቤው ከሆነ፣ ባለቤቴ እስከ ዓርብ ድረስ «በሕዝብ ፊት በሚነበብ ጽሑፍ» ይቅርታ ከጠየቀ፣ ጥበቃዎችዎን ደብድቧል ተብሎ የቀረበበት ክስ ይነሣለታል፤ ካልጠየቀ ግን ዓርብ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ከተፈረደበትም ይታሰራል። ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። በአሁኑ ሰዓት መቀስም ብዕርም መያዝ ስለማይችል፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በእሱ ፈንታ ልጽፍልዎ ተቀምጫለሁ። በሕዝብ ፊት የሚነበብ ጽሑፍ ነበር የፈለጉት፤ ይኸውልዎ ሕዝብ እያነበበው ነው። ጥፋታችን ብዙ ስለሆነ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሻንጣችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ ለሦስት ቀን የክፍል ኪራይና ለቁርስ ብቻ ነበር የበቃው። ምሳና እራት ከእርስዎ ምግብ ቤት እንደማይሞከር ገና ሳንነሣ የዋጋ ዝርዝርዎን አይተን ተረድተናል። ባለቤቴ የዓለምን ዋጋ ሁሉ የሚለካው በራስ ነው፤ አንድ ራስ ማለት አንድ ሰው ፀጉሩን ተስተካክሎ የሚከፍለው ማለት ነው። በዚህ ስሌት የእርስዎ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ሦስት ራስ ከነጺሙ ይሆናል፤ በትንሽ ሳህን የሚመጣው ኦቾሎኒ ሁለት ራስ፤ ለአራት ሰው እራት ደግሞ አንድ ሙሉ የወታደር ካምፕ መላጨት ይጠይቃል። ስለዚህ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመቷ ልጃችንና አማቴ አስቤዛችንን ከቤት ይዘን መጣን። ዳቦውን በፎጣ ጠቀለልኩት፣ ኦቾሎኒውን በአዲስ ካልሲ ሞላሁት፣ ብስኩቱን በታጠፈው የልጄ መንሳፈፊያ ጎማ መሐል ሸጎጥኩት፣ ሙዙንና ጥሬውን እንቁላል አማቴ በቦርሳቸው ተሸከሙ። «ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳዎን አላየንም አንልም፤ አይተነዋል፣ አንብበነዋል፣ ቀጥለንም በሥሩ አልፈናል። የበር ጥበቃዎችዎ ሻንጣውን ከፍተው ከላይ የደረደርኩትን የውስጥ ልብስ ሲያዩ አፍረው ዘጉት። ለዚህ ጨዋነታቸው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ውሃ ማፍያዎ። ክፍላችን ውስጥ ለሻይ ተብሎ በተቀመጠው ማፍያ እንቁላል ሦስት ሦስት እያደረግን ቀቅለናል፤ ሽታው እንዳይወጣ የበሩን ሥር በፎጣ ወትፈን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ ባለቤቴም የመላጫ ሽቶውን ረጭቶበት ነበር። ከቁርስ ገበታዎ ላይ አራት ትናንሽ ዳቦ በሶፍት ጠቅልለን መውጣታችንንም አንክድም። ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፍሪጅ ግን ማንም አልነካትም። ልጃችን በዓይኗ ብቻ እንድትጎበኛት ስለተፈቀደላት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍታ ቸኮሌቱን ሰላም ብላው ትዘጋለች። እንደዚያ ደስ ብሎን ያሳለፍነው ቀን ትዝ አይለኝም። አማቴ ሐይቅ ሲያዩ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ ዋናው ጥፋት ይህ ነው። አማቴ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባሉ ያደጉ ሴት ናቸው፤ ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ «እንብላ» ሳይሉ ቁራሽ ወደ አፋቸው አስገብተው አያውቁም። ተደብቀን እንደምንበላ ሁለት ጊዜ አስረድቻቸዋለሁ፤ ሁለት ጊዜም ገብቷቸዋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ለአትክልተኛው፣ ለመዋኛ ገንዳው ጠባቂና ፎጣ ለምታመጣዋ ልጅ «እንብላ» አሉ፤ ሁሉም አመሰገኑ፣ አንዷም ሙዝ ወሰደች። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት፣ ገንዳው ዳር ከጃንጥላው ሥር ተጠጋግተን ፎጣችንን ዘርግተን ሳለ፣ እርስዎ በነጭ ሸሚዝና በፀሐይ መነጽር ብቅ አሉ። እኔ ዳቦውን በቀሚሴ ስሸፍን፣ አማቴ የላጡትን እንቁላል ጨው ነስንሰው ወደ እርስዎ ዘረጉና «ኑ የኔ ጌታ፣ እንብላ፤ በዚህ ፀሐይ ሲንከራተቱ ምሳም አልበሉ መሰለኝ» አሉ። በኛ ቋንቋ እንዲህ የተባለ ሰው ወይ ይቀመጣል፣ ወይ «ብሉ፣ በልቻለሁ» ብሎ ያልፋል። እርስዎ ግን ሊቅ ስለሆኑ ሦስተኛ መልስ አገኙ፤ የአማቴን እጅ በአየር ላይ ትተው፣ በሁለት ጣትዎ ጥበቃዎቹን ጠርተው «አጽዱልኝ» አሉ።

አራተኛ፣ ስለ ጽዳቱ ጥራት ምስጋናችን ወሰን የለውም። አራት ሆነው መጡ። ቦርሳውን ገልብጠው አራገፉት፣ ዳቦውን በጫማ ረገጡት፣ ሙዙን በእግራቸው ወደ ገንዳው ጠለዙት። ባለቤቴ ድምፁን እንኳ አላነሣም። «ወንድሜ፣ እኛው እንሰበስበዋለን፤ የልጄን ምሳ ብቻ አትርገጥብኝ» ብሎ ሲሚንቶው ላይ በነበረው የልጃችን ሳህን ላይ መዳፉን አደረገ። ዱላው የወረደው እዚያ መዳፍ ላይ ነው። ድምፁን ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ሆነው እንዳይናፍቅዎ ልንገርዎ፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚያሰማውን ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ ተሰማ፤ ባለቤቴ እጁን ከማንሣቱ በፊት ደግሞ ተሰማ። አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ። ከዚያ አንዱ የጎን አጥንቱን በጫማው ጠለዘው፣ ሌላው ማጅራቱ ላይ ተንበረከከ፤ ፊቱ ከሲሚንቶው ጋር ሲላተም የፊት ጥርሱ ወልቆ የእንቁላል አስኳል ላይ ወደቀ። አማቴ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ በከዘራቸው የአንዱን ትከሻ ቢነኩት፣ ደረታቸውን ገፍትሮ ከነነጠላቸው ገንዳው ውስጥ ጣላቸው። ዋና አያውቁም። ጎትቶ ያወጣቸው በዋዜማው «እንብላ» ያሉት የገንዳው ጠባቂ ነው። እርስዎ ይህ ሁሉ ሲሆን መነጽርዎን በመሐረብ እየወለወሉ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ጥርሴ። የክስ ወረቀቱ ላይ «ተከሳሹ የጥበቃ ሠራተኛውን ክንድ በጥርሱ ነክሶ አቁስሏል» ተብሎ ተጽፏል። ይህን የጻፈው ሰው እንዳያፍር ለብቻዬ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን ጉዳዩ የሕዝብ ስለሆነ እዚሁ ላርመው። ባለቤቴ በዚያች ደቂቃ አፉ በሲሚንቶ ላይ ተደፍቶ፣ ጥርሱም ወልቆ ስለነበር ማንንም ለመንከስ አይመቸውም ነበር። የነከስኩት እኔ ነኝ። ዱላውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ ክንዱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከክርኑ በታች፣ ከእጅጌው ስፌት ላይ ነክሼ ሌሎቹ በፀጉሬ ጎትተው እስኪያላቅቁኝ ድረስ አልለቀቅኩም። ደሙ ጨው ጨው ይል ነበር። በግቢዎ በቆየንባቸው ቀናት ያለ ክፍያ የቀመስኩት እሱን ብቻ ነው። አልጸጸትም፤ ዱላው ዛሬም ቢነሣ ዛሬም እነክሳለሁ። ስለዚህ ክሱን ሲያሻሽሉ ስሜን በትክክል ያስጽፉ።

ስድስተኛ፣ ቆሻሻ አንሶላ በሚጠራቀምበት ክፍል ለሁለት ሰዓት ስለቆለፉብን። የባለቤቴ እጅ እንደ ሊጥ እያበጠ ሲሄድ በበሩ ቀዳዳ በረዶ ብለምን፣ «በረዶ የሚሸጠው ባር ነው» ተባልኩ። ልጄ አልለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አሁን ቤት ውስጥ ዳቦ ስሰጣት ወደ ግድግዳ ዞራ ነው የምትበላው፤ አስተማሪዋ ጠርታኝ በእረፍት ሰዓት ምሳ ዕቃዋን ከመክፈቷ በፊት «ይፈቀዳል?» እያለች ትጠይቃለች አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ መቀለድ አቃተኝ። ይህን ስሰማ እርስዎን በእጄ ላንቅዎ ነበር የፈለግሁት፤ ይኸው ነው፣ ላስጌጠው አልችልም።

ሰባተኛ፣ «ለገንዳ ዳር እጥበት» ብለው ያስከፈሉን ሂሳብ ተከፍሏል። ደሙ የራሳችን ስለሆነ አልተከራከርንም።

እንግዲህ ስለ ዓርብ። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች ይድናሉ፣ አውራ ጣቱ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም ብሎናል። መቀስ ያለ አውራ ጣት ምን እንደሆነ እኔ በሙያዬ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ ወንበሩን አጥቦ፣ በግራ እጁ የመወልወያ ክር እየቆረጠ ይለማመዳል፤ ደንበኞቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩትና «በኋላ እመለሳለሁ» ብለው ይሄዳሉ። ሰው ከነገሩ ጦም እደሩ እንዲሉ፣ እሱ ሊፈርምልዎ ቆርጦ ነበር። «ልፈርምና ይልቀቀኝ፤ በተሰበረ እጅ እስር ቤት ምን ልሠራ?» አለኝ። ለሦስት ቀን ተጣላን። እኔ ጮህኩ፣ ሰሃን ሰበርኩ፤ እሱ በግራ እጁ ስብርባሪውን ጠረገ። በመጨረሻም እውነቱን እንደሆነ፣ እስር ቤቱን ሳስበው እኔም ተሸነፍኩና ጠበቃዎ አዘጋጅቶ የላከውን ወረቀት ላነብለት ተቀመጥን።

እንዳነብለት ባያደርጉኝ ኖሮ ዛሬ ፊርማው በእጅዎ ነበር። ወረቀቱ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ፣ «በሥራ አስኪያጁ ላይ የተራረፈ ምግብ በመዘርጋት በአደባባይ ለተፈጸመው ንቀት» ይላል። አማቴ ጓዳ ውስጥ ሆነው ሰሙት። ወጥተው በሩ ላይ ቆሙና «ለካ እኔ ነኝ ልጄን ያስሰበርኩት፤ ምን አለ ያን ቀን አፌን በዘጋው» አሉ።  ባለቤቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ (በአንድ እጅ ወረቀት መቅደድ እንደማይቻል ያን ጊዜ ነው ያየሁት) አንዱን ጫፍ በቀረው ጥርሱ ነክሶ ቀደደው። «ስለ እንቁላሉ እፈርም ነበር፣ ስለ ሻንጣውም እፈርም ነበር» አለ፤ «እናቴ ሰውን እንብላ ማለቷ ጥፋት ነው ብዬ ግን አልፈርምም። ይሰሩኝ።»

ስለሆነም ክቡር ሆይ፣ ይቅርታችን ከላይ በተዘረዘሩት ሰባት ነጥቦች የተጠናቀቀ መሆኑን፣ ስምንተኛ እንደማይኖረውና ፊርማም እንደማይከተለው በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አራታችንም ችሎት እንገኛለን። ስንቅም እንይዛለን።

ቀሪ ዘመንዎ የሰላምና የጤና፣ መዳፍዎ ሁልጊዜም ሙሉ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ከፍታ ዝቅ ብዬ፣ ከደጃፍዎ በስተውጭ ቆሜ፣ በአሥር ደህና ጣቶቼ የጻፍኩ፣

አክባሪዎ፣
የፀጉር አስተካካዩ ሚስት።

ሳልረሳው፦ ዱላውን የሰነዘረውን ጥበቃ «በራሱ ፈቃድ ነው ያደረገው» ብለው ካባረሩት በኋላ፣ የደንብ ልብሱን ካልመለሰ የመጨረሻ ደመወዙ እንደማይከፈለው አስጠንቅቀውታል አሉ። እሑድ ዕለት ልብሱን በፌስታል ይዞ ደጃችን መጣ። ባለቤቴን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት መሬት መሬት እያየ ይቅርታ ጠየቀው፤ ገና ይቅር አላልነውም፣ ግን አስገብተነዋል። ልብሱ አልታጠበም። በግራ እጅጌው ላይ ያለው የባለቤቴ ደም ነው፣ በነከስኩት በቀኙ ያለው የእሱ፤ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ያን ቀን ማን ምን ብሎ እንዳዘዘው በገዛ እጁ ጽፎ የፈረመበት ሦስት ገጽ አለ። ይመለስልኝ ያሉትን ልብስ እንግዲህ ዓርብ ከዳኛው እጅ ይረከቡ።