ያልተዘጋውን ተዘጋ አልልም

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለሬዲዮ ጠጋኙ አባቴ፣

እንዴት ነህ አባዬ? ሳልህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬ ከሥራ ተባርሬም ደህና ነኝ። ደንግጠህ ስልክ እንዳታነሳ! በስልክ ከሆነ ሦስተኛው ቃል ላይ ታቋርጠኛለህ። መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብበው።

እሑድ ዕለት "ከአለቃ ጋር አትጣዪ፣ እሺ በይና ሥራሽን ያዢ፤ ጎመን በጤና" ብለኸኝ ነበር። እሺ አላልኩም። ወይ ፍንክች!

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ታካሚ በስልኩ ገብቶ የሕክምና መዝገቡን የሚያይበት ፕሮግራም ስንሠራ ከረምን። የሰፈርህ ክሊኒክም ሰኞ ይጀምራል ተብሎ የሰዉ መዝገብ ሁሉ ተጭኗል። ባለፈው ሳምንት የደኅንነት ፍተሻው ተራ የእኔ ሆነና በራሴ ካርድ ቁጥር ገባሁ። ከዚያ ስክሪኑ አናት ላይ በሚታየው አድራሻ መጨረሻ ካለው የካርድ ቁጥሬ አንዲት አኃዝ ቀየርኩ። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። የሌላ ሰው መዝገብ ወለል ብሎ ተከፈተ! ፕሮግራሙ በር ላይ "ማነሽ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ከገባሁ በኋላ ግን የማንን መሳቢያ እንደምከፍት ዞር ብሎ አያይም።

ለአለቃዬ ነገርኩት። "ማን ያውቃል ብለሽ ነው? ከተከፈተ በኋላ እናስተካክለዋለን" አለኝ። የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚለጥፍ ሰው ነው እኮ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛ ግን አጥሩን ሳንሠራ ነው ባለቤቶቹን የናቅናቸው።

ሁሌ ለአንተ የማማርርበት የሥራ መከታተያ ሰሌዳ ትዝ ይልሃል? ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ሥራ በካርድ ይጻፍና "የሚሠራ"፣ "በመሠራት ላይ"፣ "ያለቀ" እየተባለ ይገፋል። ድሮ አንድ ነጭ ሰሌዳና ሁለት ማርከር ይበቃን ነበር። አሁን ሥራ ከሚሠራው ይልቅ ካርድ የሚገፋው ይሞገሳል። መሣሪያውን አልጠላውም፣ የተረሳ ያስታውሳል። ግን ሰሌዳው አለቀ ስላለ ሥራ ያልቃል እንዴ? አለቃዬ የፈለገው የፍተሻዋን ካርድ በስሜ "ያለቀ" ውስጥ እንዳስገባ ነው። ያለ እኔ ስም ክሊኒኮቹ አይቀበሉትም።

ዛሬ ጠዋት መጣና "እስከ ስድስት ሰዓት ታስገቢያለሽ፤ አለዚያ ዕቃሽን ሰብስቢ" አለኝ።

"ሞኝህን ፈልግ!" አልኩት። አዎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ቀጮ የምንለው ባልደረባዬ፣ "ኧረ ተይ፣ አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች" ብሎ ሹክ አለኝ።

ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲሆን ካርዷ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ማንም የማንንም መዝገብ ማንበብ ይችላል። አልተዘጋም። ተዘጋ ብዬ አልፈርምም።" የክሊኒኮቹ ዋና ሐኪምም ሰሌዳውን ያዩታል። አሥር ደቂቃ አልቆዩም፣ ደወሉ። እስኪስተካከል ፕሮግራሙ ይዘጋ ብለው አዘዙ። እኔም ዕቃዬን በካርቶን ይዤ ወጣሁ። ቀጮ እስከ ታክሲው ተሸከመልኝ፤ ይፈራል እንጂ ደግ ልጅ ነው።

ልጅ ሳለሁ ጥገና ቤትህ ውስጥ በምታነብልኝ የጠፈር ልብ ወለዶች ሁሉ ማሽኑ አንድ ቀን ይነቃና በሰው ላይ ያምፃል። አሥራ አምስት ዓመት ከማሽን ጋር ውያለሁና ስማኝ፦ ማሽን አያምፅም። የሚያስፈራው ለሁሉም እሺ ማለቱ ነው። "መዝገብ አሳይ" ሲሉት ለማን ሳይል ያሳያል። ማመፅ የሰው ፋንታ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ተራው ለእኔ ደረሰ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ባለፈው ክረምት ልጠይቅህ መጥቼ ክሊኒኩ አብረን ካርድ አውጥተን ነበር። ተከታትለን ስለተመዘገብን ቁጥራችን የሚለየው በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ነው። እሷን ስቀይር የተከፈተው ያንተ መዝገብ ነው አባዬ። ወዲያው መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁትም። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይቅር በለኝ። ግን አንተስ? ከመስከረም ጀምሮ "ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን ነው" ትለኛለህ! እሑድ "ጎመኑን ተወው፣ ጤናው የታለ?" ልልህ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

ያነበብኩትን እዚህ አልጽፈውም። የሰረቅኩት ነገር ነው፤ መናገሩ ያንተ ፋንታ ነው። ይህን ወረቀት ነገ በሚመጣው የአውቶቡስ ሾፌር እልክልሃለሁ፣ ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ። "ሥራሽን ትተሽ?" እንዳትለኝ፣ ሥራ የለኝም። ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ። በራስህ አፍ እስክትነግረኝ ምንም አላውቅም፤ ሳትነግረኝም ንቅንቅ አልልም።

እስከዚያው ሬዲዮ ከምትበይድበት ካውያ ጭስ ራቅ በልልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ይህችን ሌላ ጊዜ ለልማድ እጽፋት ነበር አባዬ፤ ዛሬ ግን እየለመንኩ ነው።

እምቢተኛዋ ልጅህ